ከጅዳ ወደብ እስከ ቆላው በረት፦ የግብርና ቴክኒክ ድጋፍን ማን ይከፍላል፣ ማንስ ያቅዳል?

የሐጅ ወቅት ሲቃረብ የጅዳ እስላማዊ ወደብ የቁም እንስሳት ጭነው በሚመጡ መርከቦች ሥራ ይበዛበታል። ከሱዳን፣ ከጅቡቲና ከበርበራ የተነሡት መርከቦች የሚያራግፏቸው በጎችና ፍየሎች ከፊሎቹ ወደ ጅዳ ገበያ፣ ከፊሎቹ ወደ መካ ቄራዎች ያመራሉ። በገበያው «በርበሪ» የሚባለው ጥቁር ራስና ነጭ ገላ ያለው በግ በእነዚህ ከተሞች ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ስሙን ያገኘው ከተጫነበት ወደብ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ተወልዶ ያደገው ከወደቡ ርቆ በሚገኘው የኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ግጦሽ ነው።

ይህ በግ ከቆላው ተነሥቶ ሚና እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ የሚከትበው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ደሙን የሚመረምር ቤተ ሙከራ እና በሽታ እንደሌለበት አረጋግጦ የሚያሳልፈው የኳራንቲን ጣቢያ። ሦስቱም ያለ ገንዘብና ያለ ዕውቀት አይቆሙም። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የገንዘቡም የዕውቀቱም ጉልህ ድርሻ የመጣው «ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ድጋፍ» በሚባለው መንገድ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በጃንዋሪ 2025 የውጭ እርዳታውን አግዶ፣ ከዚያም የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅቱን (ዩኤስኤይድ) በጁላይ 1 ቀን 2025 ሲዘጋ፣ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ብዙ እርዳታ ከሚቀበሉት አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ ክፉኛ ተነክታለች። የድርቅና የረሃብ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ የኖረው «ፊውስ ኔት» እንኳ ለወራት ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው የሚነሣው ጥያቄ «ገንዘቡን ማን ይተካዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ። ዕቅዱ የማን ነው? የተቀመረውስ በየትኛው የቀን መቁጠሪያ ነው?

የ1998 እና የ2000 እገዳዎች ያስተማሩት

የቴክኒክ ድጋፍ መጓደል የሚያስከትለውን ጉዳት ለማየት ከቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በ1997 መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ የጣለውን ከባድ ዝናብ ተከትሎ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በኬንያና በሶማሊያ ተቀሰቀሰ። ይህ በሽታ በመጀመሪያ የታወቀው በ1930ዎቹ መግቢያ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ነው። በትንኝ ይተላለፋል፤ እርጉዝ በጎችን በጅምላ ያስጨነግፋል፤ ወደ ሰውም ይሻገራል፤ በተለይም በእርድ ጊዜ ከደምና ከሥጋ ጋር በሚፈጠር ንክኪ። ሚሊዮኖች በሚሰበሰቡበትና እርድ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚፈጸምበት ስፍራ የዚህ በሽታ ስጋት ቀላል እንዳልሆነ ማንም ይረዳዋል።

ሳዑዲ ዓረቢያ በፌብሩዋሪ 1998 ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ እንስሳትን አገደች። የ1418 ሒጅራ ዒድ አል-አድሓ በኤፕሪል መጀመሪያ ላይ የሚውል ነበርና እገዳው የመጣው ለአረፋ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው። ለሐጅ ገበያ ብሎ በጎቹን ሲያደልብ የከረመው አርብቶ አደር በዚያ ዓመት የደረሰበትን ለመገመት አያዳግትም። እገዳው በቀጣዩ ዓመት ቢነሣም ብዙ አልቆየም። በሴፕቴምበር 2000 በሽታው ከአፍሪካ ምድር ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ በሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን አካባቢና በየመን ታየ፤ በመንግሥቱ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። እገዳው እንደገና ተጣለ። በሶማሊያ እንስሳት ላይ የተጣለው እስከ 2009 መጨረሻ ጸንቶ ቆየ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። በኢትዮጵያ የበሽታው ወረርሽኝ አልተመዘገበም ነበር፤ ሆኖም እገዳው እሷንም ነካ። በእንስሳት ንግድ «በሽታ የለብንም» ማለት ብቻውን አያሳልፍም። በየጊዜው የተወሰደ የደም ናሙና፣ የታመነ ቤተ ሙከራና ለዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚቀርብ ሪፖርት ያስፈልጋል። አስመጪው አገር የሕዝቡንና የእንግዶቹን ጤና የመጠበቅ ኃላፊነት አለበትና ያለ ማስረጃ በሩን አይከፍትም፤ ሊከፍትም አይገባውም። አርብቶ አደሩም በበኩሉ ማስረጃውን ብቻውን ሊያመጣው አይችልም። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የቴክኒክ ድጋፍ ነው።

በሩ የተከፈተውም በዚሁ መንገድ ነው። በ2006 በጅቡቲ ዳሜርጆግ የተባለው ቀጣናዊ የኳራንቲን ጣቢያ በአሜሪካ ድጋፍ ተከፍቶ በሳዑዲ ባለሀብት ሥራ ጀመረ። በ2009 በበርበራም ተመሳሳይ ጣቢያ ተቋቋመ። በኢትዮጵያ ውስጥም ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በኩል የተመራ ፕሮጀክት የላኪዎችን፣ የቄራዎችንና የእንስሳት ሐኪሞችን አቅም ለመገንባት ሠርቷል። ቢሾፍቱ የሚገኘውና በ1964 የተመሠረተው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት ያመርታል፤ በሰበታ ያለው ቤተ ሙከራ ናሙና ይመረምራል። ሰንሰለቱ እንዲህ ቀለበት በቀለበት የተያያዘ ነው፤ አንዱ ቀለበት ከላላ መርከቡ ወደብ ላይ ይቀራል።

በጅዳ ያለው ባንክና ከአባልነት ውጭ ያለችው አገር

የልማት ገንዘብ ሲነሣ በጅዳ የሚኖር አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው የእስላማዊ ልማት ባንክን ነው። ባንኩ በዲሴምበር 1973 በዚህችው ከተማ በተካሄደው የሙስሊም አገሮች የገንዘብ ሚኒስትሮች ጉባኤ ታስቦ፣ በኦክቶበር 1975 በይፋ ሥራ የጀመረ ሲሆን ዛሬ 57 አባል አገሮች አሉት። ከ1983 ጀምሮ የቴክኒክ ትብብር ፕሮግራም አለው፤ አንዱ አባል አገር ያካበተውን ሙያ ለሌላው አባል በባለሙያ ልውውጥና በሥልጠና እንዲያካፍል ወጪውን ይሸፍናል። በ2016 ከጌትስ ፋውንዴሽን፣ ከንጉሥ ሰልማን የሰብአዊ እርዳታና እፎይታ ማዕከልና ከሌሎች የባሕረ ሰላጤው ተቋማት ጋር ያቋቋመው የኑሮና የመተዳደሪያ ፈንድ ግብርናን ከዋና ዘርፎቹ አንዱ አድርጓል። በጁላይ 2022 ደግሞ 10.54 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የምግብ ዋስትና ፕሮግራም አጽድቋል።

ይሁንና የባንኩ አባል ለመሆን የእስላማዊ ትብብር ድርጅት አባል መሆን ግድ ይላል። ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ አባላት ናቸው። ኢትዮጵያ በውስጧ ካለው ሰፊ ሙስሊም ሕዝብ ጋር አባል አይደለችም። በመሆኑም ከባንኩ የሚደርሳት ለሙስሊም ማኅበረሰቦች በተከፈተው በር በኩል ነው፤ ይኸውም አባል ባልሆኑ አገሮች ላሉ ተማሪዎች ከ1983 ጀምሮ የሚሰጠውን ዓይነት የነጻ ትምህርት ዕድል ነው። መደበኛው የግብርና ብድርና የቴክኒክ ትብብር ግን ድንበሩ ላይ ይቆማል።

እዚህ ላይ የበጉን ጉዞ መልሶ መመልከት ይጠቅማል። በጉ በሐርሺን ወይም በጅግጅጋ ዙሪያ ይወለዳል፤ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር ይሻገራል፤ በበርበራ መርከብ ይሳፈራል፤ በጅዳ ይወርዳል። የጉዞው ሁለተኛ አጋማሽ የባንኩ ገንዘብ ሊደርስበት በሚችል ምድር ነው፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ግን አይደለም። በሽታ ደግሞ የሚጀምረው ከመጀመሪያው አጋማሽ ነው። በወደቡ ላይ ዘመናዊ የኳራንቲን ጣቢያ ሠርቶ ምንጩ ላይ ያለውን መንጋ ሳይከትቡ መተው ወንፊት ታጥቦ ውኃ እንዲቀዳበት እንደ መጠበቅ ነው።

ሌሎች በሮች የሉም ማለት አይደለም። የዓረብ ባንክ ለአፍሪካ ኢኮኖሚ ልማት ዓረብ ላልሆኑ የአፍሪካ አገሮች የተቋቋመ ነውና ኢትዮጵያ በሙሉ መብት ትጠቀምበታለች፤ ከብድር በተጨማሪ ለጥናትና ለሥልጠና የማይመለስ ገንዘብ ይሰጣል። በ1974 የተቋቋመው የሳዑዲ የልማት ፈንድም በኢትዮጵያ ፕሮጀክቶች ተሳትፏል። ነገር ግን የእነዚህ ተቋማት ገንዘብ ከሁሉ በላይ የዋለው እንደ መንገድ ላሉ ግንባታዎች ነው። መንገድ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ይቆጠራል። በሽታ ያልተነሣበት ዓመት ግን አይመረቅም። ለክትባትና ለቅኝት ገንዘብ የማይበረክተው ከስስት ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

አራት የቀን መቁጠሪያዎች

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ1976 የድርጅቱን መሪነት በያዙት ሊባኖሳዊው ኤድዋርድ ሳዉማ ዘመን የራሱን የቴክኒክ ትብብር ፕሮግራም አቋቁሟል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አገሮች አስቸኳይ የሙያ ችግር ሲገጥማቸው የለጋሾችን ፈቃድ ሳይጠብቁ ከድርጅቱ መደበኛ በጀት እንዲረዱ። ለረጅም ዘመን ግን ለአንድ ፕሮጀክት የተፈቀደው ጣሪያ 500,000 ዶላር፣ ዕድሜውም እንደ ደንቡ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። በሁለት ዓመት ባለሙያ ይሠለጥናል፣ መሣሪያ ይገዛል፣ መመሪያ ይጻፋል። በሦስተኛው ዓመት የማቀዝቀዣው ነዳጅ ያልቃል።

የችግሩ ሥር የተለያዩ የቀን መቁጠሪያዎች አለመገናኘታቸው ነው። የለጋሹ ዓመት አንዳንዴ በጃንዋሪ፣ አንዳንዴ በኦክቶበር ይጀምራል። የኢትዮጵያ መንግሥት በጀት ዓመት በሐምሌ 1 ይከፈታል። የአርብቶ አደሩ ዓመት በዝናብ ይቆጠራል፤ በሶማሌ ዘንድ ጉ እና ደይር፣ በቦረና ዘንድ ገና እና ሐገያ። የገበያው ዓመት ደግሞ የሒጅራ ዓመት ነው፤ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል።

ይህ የሒጅራው ዓመት መዞር ለዕቅድ አውጪ ትልቅ ትርጉም አለው። ዒድ አል-አድሓ በ2026 በሜይ መጨረሻ ገደማ ይውላል፤ ያ ጊዜ በደቡብና በምሥራቅ ቆላዎች የበልጉ ዝናብ ሣር ያበቀለበትና በጎቹ ሥጋ የያዙበት ነው። በ2033 ዒዱ ወደ ማርች፣ በ2036 ወደ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ይመጣል። ያኔ ቆላው ጂላል በሚባለው በበጋው ድርቅ መካከል ይሆናል። የሐጅ ገበያ በጉን በሚፈልግበት ወቅት በጉ ይከሳል፤ ሳያደልቡት አይሸጥም፤ ለማደለብ ደግሞ የተከማቸ መኖ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጥ ያሳስባል። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚነሣው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የሚጥለው ዝናብ ከልክ ሲያልፍና ውኃ ሲያቁር ነው። በ2006 መጨረሻ በኬንያ ጋሪሳ በሽታው ሲቀሰቀስ የ1427 ሒጅራ ዒድ የዋለው በዚያው በዲሴምበር መጨረሻ ነበር። የሒጅራው ዙር ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ነውና በ2030ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሐጅ ገበያ ዳግም ወደዚያው የአደጋ ወቅት ይገባል። ይህን ለማወቅ ትንቢት አያስፈልግም፤ የቀን መቁጠሪያ መግለጥ ይበቃል። በ2026 የሚጻፍ የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ግን ይህን አያየውም፤ እስከዚያ አይኖርምና።

ክትባቱም በችኮላ የሚሆን አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ሕያው ክትባት እርጉዝ እንስሳትን ሊያስጨነግፍ ይችላል፤ የተከተበ በግ ደምም ከታመመው ጋር ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ ምርመራውን ያወሳስባል። መቼ፣ የትኛውን መንጋ፣ በምን ዓይነት ክትባት የሚለው ውሳኔ ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ወራት ቀድሞ መወሰን አለበት። ያን ውሳኔ የሚወስን ባለሙያ ደግሞ ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ በአውሮፕላን አይመጣም።

የተሳካላቸው ዕቅዶች ምን ነበራቸው?

የቴክኒክ ድጋፍ ታሪክ ሁሉ የብክነት ታሪክ አይደለም። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ጨርሶ «ክፉ ቀን» በመባል የሚታወሰውን ረሃብ አስከትሎ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1986 በአውሮፓ ማኅበረሰብ ገንዘብ የተጀመረው የመላ አፍሪካ ዘመቻ በብዙ ቦታ ቢሳካም የአፋር ቆላ የበሽታው የመጨረሻ ምሽግ ሆኖ ቀረ። መኪናና ማቀዝቀዣ ያላቸው የከተማ ቡድኖች ሊደርሱበት አልቻሉም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዕቅዱ ተገለበጠ። ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሰጥቶ፣ በማኅበረሰቡ የተመረጡ አፋሮች ሠልጥነው የራሳቸውን ከብት ራሳቸው ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 ነበር፤ በ2011 በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። በሰው ልጅ ጥረት ከጠፉት በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው።

ሌላው ምሳሌ ሐሮማያ ነው። በ1952 የተጀመረው የኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ ውል ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን የዓለማያ ኮሌጅ አቋቋመ። ውሉ እስከ 1968 ለ16 ዓመታት ጸና። በነዚያ ዓመታት አሜሪካውያኑ መምህራን በተራ በተራ ቦታቸውን ለሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ለቀቁ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ተቋሙ አላለቀም። የሁለቱ ምሳሌዎች አንድነት እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜ ተሰጣቸው፣ ሥራውም በአገሬው እጅ ገባ።

ሦስተኛው ትምህርት ከዚሁ ከሳዑዲ ዓረቢያ ይገኛል። መንግሥቱ ለራሱ ግብርና የውጭ ሙያ ሲፈልግ በሌላ ገንዘብ አልጠበቀም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ ጋር ባቋቋመው የጋራ የኢኮኖሚ ኮሚሽን የባለሙያዎቹን ወጪ የከፈለው ራሱ ነበር። በ2019 የተጀመረውና «ሪፍ» የሚባለው የገጠር ግብርና ልማት ፕሮግራምም በዚሁ መንገድ ከፋኦ ጋር ይሠራል፤ ከሚያለማቸውም መካከል የጂዛን ቡና፣ የጣኢፍ ጽጌረዳና የማር ምርት ይገኛሉ። ወጪውን የሚከፍለው ወገን የዕቅዱን ርዕስ ይመርጣል፤ ውጤቱንም ይጠይቃል። የድሃ አገር አርብቶ አደር ግን ከፋይ ስላልሆነ ጠያቂ አልሆነም።

መፍትሔው የት አለ?

በእርግጥ ለጋሾች ለአጭር ጊዜ ዕቅድ ምክንያት አላቸው። ገንዘቡ የግብር ከፋያቸው ነው፤ ሁለት ዓመት ቆጥረው ውጤት መጠየቅ ተገቢ ነው ይላሉ። ይህ ለመንገድና ለሕንጻ ይሠራ ይሆናል። ለእንስሳት ጤና ግን ውጤቱ የበሽታ አለመኖር ነውና በየዓመቱ የሚከፈል፣ የማይቋረጥ ወጪ ነው፤ እንደ ዘበኛ ደመወዝ።

ስለዚህ ወጪውን ከለጋሽ በጎ ፈቃድ ወደ ንግዱ ማሸጋገር አንዱ መንገድ ሊሆን ይችላል። በየወደቡ በአንድ በግ ላይ ለምርመራ ከሚከፈለው ክፍያ ጥቂቷ ተለይታ በምንጩ ላይ ላለው ክትባትና ቅኝት ብትመደብ፣ ገንዘቡ ከንግዱ ጋር አብሮ ያድጋል። ክፍያው ግን ዞሮ ዞሮ ከአርብቶ አደሩ የመሸጫ ዋጋ ላይ እንዳይቀነስ አሠራሩ በግልጽ ሊደነገግ ይገባል። ደላላና ላኪ ጫናውን ወደ ታች ማውረድ ያውቁበታልና።

ሁለተኛው፣ ድንበር ተሻጋሪ መንጋን በድንበር ተሻጋሪ ዕቅድ መጠበቅ ነው። ኢጋድ በአባል አገሮቹ መካከል የአርብቶ አደር ፕሮግራሞችን የማስተባበር ልምድ አለው። የእስላማዊ ልማት ባንክ አባል የሆኑት ጅቡቲና ሶማሊያ በባንኩ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በዓረብ ባንክ ለአፍሪካ ኢኮኖሚ ልማት ወይም በሌላ ምንጭ ድርሻቸውን እየከፈሉ በአንድ የክትባት መርሐ ግብር መሥራት የሚያግዳቸው ሕግ አይታይም። የሚጎድለው ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ወገን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ገበያው ከሚገኝበት ከጅዳ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛውና ወጪው ትንሹ፣ ዕቅዱን በሒጅራ አቆጣጠር ጭምር መጻፍ ነው። ከ1447 እስከ 1460 ሒጅራ ያሉት የዒድ ቀናት ከወዲሁ በግምት የታወቁ ናቸው። ከዝናቡ ወቅት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ የትኛው ዓመት የመኖ፣ የትኛው ዓመት የበሽታ ስጋት እንዳለበት ያመለክታሉ። የበጎችና ፍየሎች ደስታ መሰል በሽታን እስከ 2030 ለማጥፋት የተያዘው ዓለም አቀፍ ዘመቻም ለዚህ ጥሩ መጀመሪያ ይሆናል፤ ለአንዱ በሽታ ወደ በረቱ የሄደው ከታቢ ለሌላውም ናሙና ይዞ ሊመለስ ይችላልና።

ከ1403 ሒጅራ ጀምሮ በመካ የሚሠራው «አዳሂ» በመባል የሚታወቀው የሐድይና የኡድሒያ ሥጋ ፕሮጀክት፣ በእስላማዊ ልማት ባንክ አስተዳደር አንድ ነገር አሳይቷል፤ ቀድሞ ይባክን የነበረው ሥጋ በሥርዓት ተሰብስቦ ከሐረም ድሆች አልፎ ባሕር ማዶ ላሉ ችግረኞች እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። ሥርዓቱ የተሠራው ግን ከእርዱ በኋላ ላለው ጉዞ ነው። ከእርዱ በፊት ላለው ጉዞ፣ ከጅዳ ወደብ ወደ ኋላ እስከ ሐርሺን በረት ድረስ፣ ተመሳሳይ ጽናት ያለው ሥርዓት ገና አልተሠራም። የሚቀጥለው ከባድ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ካልተሠራ ዋጋውን የሚከፍሉት እንደ 1998ቱ ሁሉ ሁለት ወገኖች ይሆናሉ፦ በጉን ያሳደገው አርብቶ አደርና በጉን የሚጠብቀው ሐጃጅ።